በኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን ምግብ ሳድል ያበላሸሁት ነገር

ልጄ የ75 ሰዓት ዕዳ ነበረበት። ገንዘብ ቢሆን ተበድረንም እንከፍለው ነበር። እኛ በምንኖርበት በሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ግን የሃይስኩል ተማሪ 75 ሰዓት ማኅበረሰቡን ሳያገለግል አይመረቅም። ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ በእጁ የነበረው 12 ሰዓት ብቻ ነው። «እማዬ፣ ገና ጊዜ አለ» ይለኛል። «ጊዜ አለ» የሚል ወንድ ምን ማለቱ እንደሆነ ከአባቱ ተምሬአለሁ።

ሥራዬ ማታ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ከሺፍት ስወጣ አውቶቡስ የምጠብቀው አንዲት ቀይ በር ያላት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነው። በጎን በኩል ባለው የቤዝመንት በር ሁልጊዜ ሰልፍ አለ። ጋሪ የሚጎትት፣ ሕፃን ያቀፈ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ። አንድ ቀን ሰልፉን የሚያስተናግዱትን አሮጊት ጠጋ ብዬ፣ ለትምህርት ቤት ሰዓት የሚሠሩ ልጆች ይቀበሉ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልጆች እንቀበላለን» አሉኝ። «እናቶችም እንቀበላለን።»

እንቅልፌን ትቼ ገባሁ። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጄ ሰዓቱን ጨረሰ፣ ተመረቀ፣ ኮሌጅ ገባ። እኔ ግን እስካሁን አልተመረቅኩም።

ይህን የምጽፈው፣ «እኔ ተዋሕዶ ነኝ፤ እንዴት እነሱ ቤት ገብቼ አገለግላለሁ?» እያሉ የሚጠይቁኝ እህቶች ስላሉ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። በቅንነት ነው ያጠፋሁት፤ ቅንነቴ ግን ለማንም አልጠቀመም። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ስማቸው ላውራ። በር ላይ የተጻፈውን «ኤፒስኮፓል» ስንት ዓመት ሳየው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ሲነገረኝ ሳቄ መጣ። የእኛው ኤጲስቆጶስ ነው! ያው የግሪኩ ቃል። ጳጳስ ያላት ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። እናቷ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ናት። አሜሪካኖቹ ከንጉሡ ተጣልተው ነፃ ሲወጡ አንድ ችግር ገጠማቸው፤ ጳጳስ የሚሾምላቸው አጡ። እንግሊዝ ሄደው ሲጠይቁ ተሿሚው ለንጉሡ ታማኝነቱን መማል አለበት ተባሉ። እንዴት ብሎ ይማል? ሳሙኤል ሲበሪ የሚባሉ ቄስ ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩና በ1784 እ.ኤ.አ. አበርዲን ላይ ተሾመው መጡ። ይህን የነገሩኝ ቡና ላይ ነው። «እኛም እኮ እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ሊቀ ጳጳስ የምናስመጣው ከግብፅ ነበር» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና ላይ ወንበር ይያዝልኝ ጀመር። ቡናቸውን በተመለከተ ዝም ልበል። ሦስተኛው በረካ ላይ እንደገና ውኃ የተጨመረበት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ድንጋጤዬ ግን ሌላ ነበር። ቄሷ ሴት ናቸው። እነሱ ዘንድ ሴቶች ቅስና እንዲቀበሉ የተወሰነው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቆየ ነገር ነው። ለእኔ ግን ዱብ ዕዳ ሆነብኝ። ምን ብዬ ልጥራቸው? ሰው ሁሉ በስማቸው ነው የሚጠራቸው። እኔ ቄስ በስሙ ጠርቼ አላውቅም፣ አፌ እምቢ አለ። «አባ» አይባሉ ነገር። ሁለት ወር ሙሉ «ይቅርታ» እያልኩ አሳለፍኩ። በመጨረሻ «እማሆይ» ብዬ ተገላገልኩ። መነኩሲት እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏቸው። ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ወደዱት። አሁን አንዳንድ ፈረንጆችም «ኢማሆይ» ይሏቸዋል።

በሴት ቅስና ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያኔ ትምህርት የተለየ ነገር ልጽፍ አልመጣሁም። እዚያ የምሄደው ድንች ልለይ ነው።

ስለ ቁርባን ለሚጨነቅ ይህን ልበል። የእነሱ ደንብ የተጠመቀ ክርስቲያን ሁሉ መቀበል ይችላል ነው። የእኛ ደንብ ሌላ ነው። ማንም አያስገድድም። ሰው ሲነሣ ተቀምጦ መቅረት ይቻላል፤ ዞሮ የሚያይ የለም። ካልሆነም ተሰልፎ ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ መቆም ነው። ያኔ ቄሷ ቁርባኑን ትተው ይባርካሉ። እኔ እሑድ በቤቴ ቅዳሴ አለኝ፤ የእነሱ የምሆነው አርብና ቅዳሜ ነው። የንስሐ አባቴን ሳልጠይቅም አልጀመርኩም። «የተራበ ማብላት የማን ነው ብለሽ ነው? ሥሪ። ቁርባንሽ ግን ከቤትሽ» አሉኝ። እናንተም የራሳችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ቤዝመንቱ እንውረድ።

ምግቡ የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። ዋናው ከካፒታል ኤርያ ፉድ ባንክ ነው። ዋሽንግተን ዲሲንና ዙሪያዋን የሚያዳርስ ትልቅ መጋዘን ነው፤ እንደኛ ላሉ ትንንሽ ፓንትሪዎች፣ ማለት ምግብ በነፃ ለሚያድሉ ቦታዎች፣ ያከፋፍላል። ሁለተኛው ከሰፈሩ ሱቆች የሚተርፍ ዳቦና አትክልት ነው። ሦስተኛው ምእመናኑ እሑድ ሲመጡ ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉት ነው። አርብ ይራገፋል፣ ይለያል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት በር ይከፈታል። ሰው ራሱ በመደርደሪያዎቹ መሃል አልፎ የሚፈልገውን ያነሣል። ድሮ የታሸገ ከረጢት ነበር የሚሰጡት። የማይበላውን ሰው መንገድ ላይ ጥሎት ሲሄድ አይተው ነው የለወጡት።

ስለ ቆርቆሮ ምግብ ቀን ብዙ ጭቅጭቅ አይቻለሁ። እዚህ አገር ቆርቆሮው ላይ የሚታተመው ቀን አብዛኛውን ጊዜ ጣዕሙ እስከ መቼ ጥሩ እንደሆነ የሚናገር ነው። ካለፈም በኋላ ይበላል። የሕፃን ዱቄት ወተት ግን ሌላ ነው፤ ቀኑ ካለፈ በቀጥታ ይጣላል። ያበጠ፣ የዛገ፣ ስፌቱ ላይ የተጨረመተ ቆርቆሮም ይጣላል። ይህን ለመልመድ አንድ ወር ፈጀብኝ። ቀን ያለፈበትን ሳይ እጄ ራሱ ወደ ቆሻሻው ይሄድ ነበር።

እና ጥፋቴ።

ሰልፉ ውስጥ የእኛ ሰዎች ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት አላስተዋልኩም፤ በሁለተኛው ግን አንዲት እናት አየሁ። የክረምት ጃኬታቸው ሥር የነጠላ ጥለት ይታያል። እንግሊዝኛ የላቸውም። የሚፈልጉትን በጣታቸው ያሳያሉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያመሰግናሉ፣ ይሄዳሉ። ልቤ ተነካ። ለዚህ ነው እግዚአብሔር ያመጣኝ አልኩ። እኒህ እናት ቋንቋ አጥተው ሲቸገሩ እኔ እዚህ ቆሜአለሁ!

በሦስተኛው ቅዳሜ ተራቸው ሲደርስ ከመደርደሪያው ማዶ፣ «እማማ! አበሻ ነዎት እንዴ? እንዴት አደሩ!» አልኩ። ድምፄ ቤዝመንቱን ሞላው። አገርዎ የት ነው፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት፣ ልጆች የሉዎትም ወይ፣ የት ነው የሚያስቀድሱት? ጥያቄው ዘነበ። እያወራሁ ከረጢታቸውን ሞላሁት። ሌላ ከረጢትም ጨመርኩ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ዘይት ነው የሚባለው፤ እኔ ሁለት ከተትኩ። እሳቸው በአጭር በአጭሩ መለሱ። «ተባረኪ ልጄ» አሉና ወጡ። ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በሚቀጥለውም። አብረዋቸው አልፎ አልፎ የሚመጡ ሁለት ሴቶችም ቀሩ። ቤት ቀይረው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ከወር በኋላ በራሳችን ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ጠበል ሊቀበል ሲጋፋ፣ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው በሴቶቹ መሃል ጠፉ።

ያኔ ገባኝ። እግሬ ከዳኝ።

በፈረንጅ ፊት እጅ መዘርጋት አንድ ነገር ነው። ፈረንጁ ነገ ለቅሶ ቤት አያገኝህም። የልጅህ ሠርግ ላይ አይቀመጥም። አዲስ አበባ ያለችው እህትህ ዘንድ ወሬ አያደርስም። እኔ ግን እነዚህ ሁሉ ቦታዎች አለሁ። እማማ ለስንት ዓመት ባዕድ ቤት ገብተው ማንም ሳያውቃቸው ሲቀበሉ የኖሩትን ቦታ፣ እኔ በአንድ «እንዴት አደሩ» አፈረስኩት። ያ ሁለተኛው ዘይት ደግሞ የባሰ ነው። በሰው ፊት «እርስዎ የበለጠ ችግረኛ ነዎት» አልኳቸው ማለት ነው።

ለፓንትሪዋ ኃላፊ ነገርኳት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ሰማንያ ሊሞላት ነው። «የአንቺ ጥፋት አይደለም» ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለችም። ትንሽ ዝም አለችና፣ «እንግዲያው አንድ ወር ሙሉ ምን በልተው ይሆን?» አለች። በእኔ ጸጸት ላይ ጊዜ አላጠፋችም። ያን ጊዜ ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው እንዲያውም ትክክል ነበረች።

ሦስት ነገር አደረግን። አንደኛ፣ እኔ ከፊት ለፊት ተነሥቼ ወደ ኋላ፣ ወደ መለያው ጠረጴዛ ሄድኩ። ሁለተኛ፣ በየመደርደሪያው ላይ በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈ ወረቀት ለጠፍን፤ ይህ ምንድን ነው፣ ስንት ይነሣል፣ ሥጋ አለበት ወይስ የለበትም። ወረቀት ሰው አያይም፣ አያወራም። ሦስተኛ፣ በሩ ላይ የሚጠየቀው የቤተሰብ ብዛትና ዚፕ ኮድ (የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር) ብቻ መሆኑን ጻፍን። እኛ በር ላይ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የደሞዝ ወረቀት አይጠየቅም። ድሮም አይጠየቅም ነበር። ግን ያልተጻፈውን ማን ያውቃል? የእኛ ሰው «ወረቀት ይጠይቃሉ» ብሎ ፈርቶ ስንት ጊዜ ከደጅ ተመልሷል።

እማማ ግን በወረቀት አልመለስ አሉ።

ያዳነን ምስር ነው። አንድ አርብ አንድ ትልቅ ጆንያ ምስር መጣ፤ 50 ፓውንድ፣ ወደ 23 ኪሎ ግድም። ፈረንጆቹ በማንኪያ እየጠለቁ በየትንሹ ከረጢት ይሞሉታል። ሳይለቅሙት! አንዱን እፍኝ መዳፌ ላይ ዘርግቼ ሳይ ጠጠር አለበት። በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያን እማማን ፈልጌ አገኘሁ። ስለ ፓንትሪው ትንፍሽ አላልኩም። እጃቸውን ስሜ፣ «እማማ፣ እነዚህ ፈረንጆች ምስር ሳይለቅሙ ለሰው ሊሰጡ ነው። እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ውይ! የሰው ጥርስ ሊሰብሩ!» አሉ።

አርብ ዕለት የራሳቸውን ሰፌድ በፌስታል ይዘው መጡ። ከአገር ያመጡት ነው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲያበጥሩና ሲለቅሙ ፈረንጆቹ ሥራቸውን ትተው ከበቧቸው። ማታ ሥራው ሲያልቅ ኃላፊዋ እንደ ልማዷ፣ «የሚያስፈልገው ሰው ይውሰድ፤ እኔም እወስዳለሁ» አለችና ለራሷ ሁለት ካሮትና አንድ ዳቦ አነሣች። እሷ ካሮት የሚቸግራት ሴት አይደለችም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ትንሽ ትንሽ አነሣ። እማማም አነሡ። ምስር፣ ሽንኩርት፣ አንድ ዘይት። አንድ።

አሁን አርብ አርብ አምስት የእኛ እናቶች አሉ። አንዲት የኤልሳልቫዶር ሴትዮም ከእነሱ ጠረጴዛ አትለይም፤ በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አላውቅም፣ ሳቃቸው ግን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል።

በእነሱ ምክንያት መደርደሪያው ተለወጠ። በሁዳዴ 55 ቀን የዶሮና የቱና ቆርቆሮ ለጾመኛ ምን ይሠራል? ከረጢት ውስጥ ደረቅ ምስር፣ ሽምብራ፣ ክክ፣ ሩዝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ሲጨመር የእኛ ብቻ ሳይሆን የሕንዱም የባንግላዴሹም ሰው ደስ አለው። ፒነት በተር ግን እስካሁን አልሄደም። እማማ አንድ ጊዜ ቀምሰው፣ «ለውዝ ከሆነ ለምን አይቆሉትም?» አሉና አስቀመጡት።

መለገስ ለምትፈልጉ ደግሞ አንድ ነገር። ሰው ሁሉ የሚያመጣው በቆሎና የቲማቲም ቆርቆሮ ነው። መንግሥት ለችግረኛ የሚሰጠው የምግብ መግዣ፣ ፉድ ስታምፕ፣ ሳሙና አይገዛም። ዳይፐር አይገዛም። ሞዴስ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሽንት ቤት ወረቀት አይገዛም። መደርደሪያችን ላይ በአሥር ደቂቃ የሚያልቀው እሱ ነው። አንዲት ልጅ ሞዴስ ያለበትን መደርደሪያ ስታልፍ ዓይኗን አይቻለሁና እባካችሁ እሱን አምጡ።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ሰዓቱ የሚቆጠር መሆኑን ከትምህርት ቤቱ ቀድማችሁ ጠይቁ። ምግብ ማደል ይቆጠራል፤ በጸሎት ላይ ማገልገል ግን አይቆጠርም። ወረቀቱን በየጊዜው አስፈርሙ፤ ልጄ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ላስፈርም ብሎ ራሱም ሰዓቱን ረስቶት ነበር። ከልጆች ጋር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ባክግራውንድ ቼክ አለ፣ ማለት ከዚህ በፊት ወንጀል እንዳለባችሁ ይጣራል፤ ስለ ልጆች ደኅንነት ሥልጠናም አለ። እኔን ሲጠይቁኝ «ሌባ መሰልኳቸው?» ብዬ ተቀይሜ ነበር። በኋላ ሳይ ቄሷም አድርገውታል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም፤ ማንም ቢሆን።

ከምግቡ ውጭ ያለው ኑሯቸውም ያስተምራል። ቬስትሪ የሚሉት አለ፤ የእኛ ሰበካ ጉባኤ ማለት ነው። ምእመናን የሚመርጧቸው ሰዎች ናቸው። ሁለት ዋና ተጠሪዎች አሉ፤ አንዱ የቄሷ አማካሪ፣ ሌላው ሕንፃውን የሚጠብቅ። የሁለተኛው ሰውዬ ስልክ ማታ ማታ የሚጮኸው ቦይለሩ ሲበላሽ ነው፤ አሳዛኝ ሹመት ነው። ጥር ላይ በፈረንጆቹ ዓመታዊ ስብሰባቸው ገብቼ ነበር። በጀቱ እስከ ሳንቲሙ ታትሞ በየወንበሩ ተቀምጧል። የቄሷ ደሞዝ ሳይቀር! አንድ ሽማግሌ እጁን አውጥቶ የመብራት ወጪ ለምን እንደጨመረ ጠየቀ፤ ቄሷ መለሱ፤ ማንም አልተቆጣም። እኛ ዘንድ ይህን ብጠይቅ... ልተወው።

እኒሁ ሽማግሌ የታሪክ ሰው ናቸው። በቅኝ ግዛት ዘመን በቨርጂኒያ ድሃውንና ወላጅ የሌለውን ሕፃን የመጦር ግዴታ የቬስትሪ እንደነበር፣ ለዚያም ግብር ይሰበስብ እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ የቬስትሪ አባል ነበር። «ስለዚህ ፓንትሪው አዲስ አይደለም፤ ከድሮ የቀረ ሥራ ነው» ይላሉ። አልሸፋፈኑትም፤ ያ ድሃ የሚጦረው ቬስትሪ ባሪያ አሳዳሪዎች የተቀመጡበት እንደነበርም ጨምረው ነገሩኝ። የካቲት ላይ አብሳሎም ጆንስን ያስባሉ። በባርነት ተወልደው በዚህች ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ጥቁር ቄስ የሆኑ ሰው ናቸው።

መሠዊያውን የሚያሰናዱ ሴቶችም አሉ። የቁርባኑን ጨርቅ ሲያጥቡ የመጀመሪያው እጣቢ ወደ ተራው ፍሳሽ አይሄድም። ቱቦው በቀጥታ ወደ መሬት የሚወርድ ለብቻው የተሠራ ገንዳ አላቸው። ይህን ሳይ ልቤ አረፈ። ማክበርን ያውቃሉ አልኩ።

ለቅሶ ላይ ግን መጀመሪያ አዘንኩባቸው። አንድ አባል ሞተው፣ ቀብር፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ሳንድዊች፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ። ባለቤታቸው ብቻቸውን! እኔ ዳቦ ይዤ ሄጄ ተቀመጥኩ። በኋላ ግን አንድ ወረቀት አየሁ። በየቀኑ ማን ምግብ እንደሚያደርስ፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስዳቸው፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ስም ተሞልቷል። እኛ ሦስት ቀን ቤቱን እንሞላዋለን፣ በአርባው እንመለሳለን። መሃል ላይ ያለውን ማታ ማን ያየዋል? እነሱ ደግሞ መሃሉን ይዘው የመጀመሪያውን ሌሊት ጥለውታል። አሁን ሰው ሲሞት ኃላፊዋ መጀመሪያ የምትደውለው ለእኔ ነው። «የመቀመጡን ሥራ አንቺ ያዥ» ትለኛለች።

በ2016 ዓ.ም. የእነሱ ጸሎተ ሐሙስ የዋለው በእኛ ሁዳዴ መሃል ነበር፤ ፋሲካችን ከአንድ ወር በላይ ተራርቆ ነበር። እማሆይ ጋበዙኝ፣ ሄድኩ። እግር ማጠብ አላቸው። የእኛ ካህናት የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ ልጅ ሆኜ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያንን መስሎኝ ነው። እነሱ ግን ካህኑ ከጀመረ በኋላ ምእመናኑ እርስ በርስ ይተጣጠባሉ። የታጠበው ተነሥቶ የሚቀጥለውን ያጥባል።

እኔ ከሌሊት ሺፍት ነው የመጣሁት። እግሬ አብጧል። የደም ሥር የሚጨብጥ ወፍራም ካልሲ አድርጌአለሁ። ኃላፊዋ ሰማንያ ዓመቷን ይዛ ገንዳው ሥር ተንበርክካ በእጇ ጠራችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። አሁንም ጠራችኝ። ወንጌሉ ገና መነበቡ ነው። ጴጥሮስ «አንተ የእኔን እግር ታጥባለህን?» ያለበት። እስከዚያ ቀን ድረስ ጴጥሮስ ትሑት ስለሆነ ነው ብዬ ነበር የማስበው። ሰውየው ይሉኝታ ነው የያዘው!

ካልሲውን ለማውለቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ውኃው ለብ ያለ ነበር። ቀና ብዬ ልያት አልቻልኩም። እማማና ያ ሁለተኛው ዘይት ትዝ አሉኝ።

በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ፋሲካዎች ገጠሙ፤ ሚያዝያ 12 ቀን። ስለዚህ ጸሎተ ሐሙስ ቤቴ ዋልኩ፤ ጉልባኔን በላሁ። ሐሙስ ማታ ኃላፊዋ «እግርሽ ደኅና ነው?» ብላ ቴክስት ላከችልኝ።

ባለፈው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ እኔና እማማ ከኋላ ካሮት እየለየን ነው። እማማ አሁን ቅዳሜም ይመጣሉ። በመደርደሪያዎቹ መሃል አንዲት ወጣት ገባች። ሃያ አምስት ቢሆናት ነው። ሹራቧ ለዚህ ብርድ አይሆንም። ስልኳ ጠራና «አቤት» ብላ በፍጥነት ዘጋችው። የእኛ ልጅ ናት። አዲስ መጤ መሆኗ ያስታውቃል፤ መደርደሪያው ፊት ቆማ ምን መንካት እንደሚፈቀድላት አታውቅም።

ሳላስበው ተነሣሁ። አፌም ተከፍቷል። እማማ እጅጌዬን ያዙኝ።

«ተያት» አሉ ቀስ ብለው። «ትልመድ።»

ከዚያ ራሳቸው ተነሡ። የለቀሙትን ምስር አንድ ከረጢት ያዙ፣ ልጅቷ ገና ያልደረሰችበት መደርደሪያ ላይ፣ ከዓይኗ ትይዩ አስቀመጡት፣ ወደ ካሮታቸው ተመለሱ። ልጅቷ ደረሰች። ወረቀቱን አነበበች። ምስሩን አነሣች፣ ገለበጥ አድርጋ አየችው፣ ጋሪዋ ውስጥ አስገባችው።

እማማ ቀና ብለው አላዩም። እኔም ካሮቴን መለየቴን ቀጠልኩ።